ዋናው ፎቶ ሳይነካ



በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በማንኩሳ፣ በጅጋና በደምበጫ ከተሞች፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉት የገጠር ቀበሌዎች የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። በሞት የተለያቸው አባት ወይም አያት አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ አለቻቸው። ሁለተኛ የለም። አንዲቷም ብትሆን ለማስታወሻ ተብላ የተነሳች አይደለችም። ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለንግድ ፈቃድ ወይም አላህ ላደላቸው ለሐጅ ጉዞ ፓስፖርት የተነሳች 3 በ4 ጉርድ ፎቶ ነች። ከግብር ደረሰኝና ከእድር ደብተር ጋር በፌስታል ተጠቅልላ በሣጥን ውስጥ ትቀመጣለች። ጭሱ፣ እርጥበቱና የጣት አሻራው ተፈራርቀውባት ዳር ዳሯ ተቆራርሷል፤ መሐሏም በልዟል።

ከልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ሠርቶ ለዒድ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ይህችን ፎቶ አሳድሶና አሳድጎ ግድግዳ ላይ መስቀል ይመኛል። ምኞቱ የሚያስመሰግን ነው። ፎቶዋ ወደ ፎቶ ቤት ትወሰዳለች፤ ስካን ትደረጋለች፤ በኮምፒዩተር ትስተካከላለች። በቀጠሮው ቀን አባት ከበፊቱ ነጣ ብለው፣ ፊታቸው እንደ ሕፃን ለስልሶ፣ ከኋላቸው ሰማያዊ ሰማይ ተጨምሮላቸው፣ ባማረ ፍሬም ውስጥ ሆነው ይመጣሉ። ቤተሰቡም ደስ ይለዋል። ቆይቶ ግን አንዲት አክስት ከገጠር መጥተው ትኩር ብለው ያዩና «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ይህን የምንለው ፎቶ ቤቶችን ለመውቀስ አይደለም። ባለ ፎቶ ቤቱ የተጠየቀውን ነው የሠራው፤ «አሳምርልን» ነው የተባለው። ጥፋቱ የሚመጣው ማሳመሩ መመለሻ በሌለው መንገድ ሲሠራ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ፎቶን በኮምፒዩተር ስናስተካክል ዋናውን ምስል ሳንነካ፣ ማስተካከያውን ከላይ እየደረብን፣ በፈለግን ጊዜም እያነሳን መሥራት ስለምንችልበት ስልት ይሆናል። ስለ ፎቶግራፍ ሸሪዓዊ ብይን ዑለሞቻችን የተናገሩት ብዙ ነው፤ አቋማቸውም አንድ አይደለም። ያንን ለሚመለከታቸው ትተን፣ ፎቶው ቀድሞውኑ ተነስቶ በቤት ውስጥ ያለ መሆኑን ይዘን እንቀጥላለን።

ኮምፒዩተር ፎቶን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ስካነር ላይ የተቀመጠች ፎቶ በጥቃቅን ነጥቦች ትከፋፈላለች፤ እነዚህም ፒክስል ይባላሉ። በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፎቶ እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። 0 ድቅድቅ ጥቁር፣ 255 ንጹሕ ነጭ ነው። ባለ ቀለም ፎቶ ከሆነ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ በየራሳቸው ሦስት ቁጥሮች ይኖሩታል።

አሁን አባታችን ነጭ ጥምጣም አድርገዋል እንበል። የጥምጣሙ እጥፋት ለዓይናችን የሚታየው አንዱ ነጥብ 200፣ አጠገቡ ያለው 215፣ ቀጣዩ ደግሞ 230 ስለሆነ ነው። ሠራተኛው «ፊታቸው ጨልሟል» ብሎ በምስሉ ሁሉ ላይ 60 ጨመረ። ሦስቱ ነጥቦች 260፣ 275 እና 290 መሆን ነበረባቸው። ነገር ግን ከ255 በላይ ቁጥር የለምና ሦስቱም 255 ላይ ይቆማሉ። እጥፋቱ ጠፋ፤ ጥምጣሙ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት መሰለ። ሠራተኛው ይህንኑ አስቀምጦ ዘጋ። በማግስቱ ቤተሰቡ «ብርሃኑ በዛ፣ ትንሽ መልስልን» ሲለው 60 ቢቀንስ ሦስቱም 195 ይሆናሉ። ነጩ ወረቀት ግራጫ ወረቀት ሆነ እንጂ እጥፋቱ አልተመለሰም፤ ሊመለስም አይችልም። 200፣ 215 እና 230 የሚሉት ቁጥሮች ከፋይሉ ውስጥ የሉምና።

ዋናውን በማይነካው አሠራር ግን ኮምፒዩተሩ 200ን አጥፍቶ 255 አይጽፍም። 200 እንዳለ ይቀመጣል፤ ከጎኑ «60 ጨምር» የምትል መመሪያ ትጻፋለች። በስክሪኑ ላይ የምናየው መመሪያዋ በዋናው ላይ ተሰልታ የተገኘውን ውጤት ነው። ነገ «60» የምትለውን «25» ብንላት ስሌቱ እንደገና ከዋናው ከ200 ይጀምራል። ጨርሰን ብንሰርዛት ደግሞ ፎቶው ስካነሩ እንዳነበበው ሆኖ ይመለሳል።

ቁርኣን ቤት ያለፈ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሎሕ ላይ በቀለም የተጻፈው ትምህርት ከተሸመደደ በኋላ በውሃ ይታጠባል፤ እንጨቱ ግን እንዳለ ነው፤ ነገ ሌላ ይጻፍበታል። ትምህርቱ በቢላዋ የሚቀረጽ ቢሆን ኖሮ ለየቀኑ አዲስ ሎሕ በፈለገን ነበር። የቡሬን በርበሬ የምታውቁ እናቶች ደግሞ ሌላም ምሳሌ አላችሁ፤ ወጡ ውስጥ የገባ በርበሬ አይወጣም፤ በዳር የቀረበ አዋዜ ግን እንደ እንግዳው አቅም ነው።

ይህ አሠራር አንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች የሠሩት ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ሲቀርብ እያንዳንዱ ማስተካከያ በቀጥታ በምስሉ ላይ የሚያርፍ ነበር። ምስልን በሌየር፣ ማለትም በንብርብር፣ መሥራት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1994 በሦስተኛው እትም ነው። ብርሃንንና ቀለምን የሚያስተካክል፣ ራሱ ምስል የሌለበት ስስ ንብርብር በ1996 ተጨመረ። እንደ ማለስለስና ማሳል ያሉ ፊልተሮችን ሳያጠፉ መደረብ የተቻለው ደግሞ በ2007 ነበር።

ብዙ ፎቶ ቤቶች የሚጠቀሙት ፎቶሾፕን ነው፤ ሆኖም በየኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ቅጂ ሁሉ በገንዘብ የተገዛ አለመሆኑን የማያውቅ የለም። የሰው ሐቅ ነውና በዚህ ረገድ የሚጨነቅ ወንድም ወይም እኅት ሌላ አማራጭ አለው። ጂምፕ የሚባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ይማሩ የነበሩ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የጀመሩት ሲሆን በነፃ የሚታደልና ማንም በፈቃድ የሚገለብጠው ነው። ለብዙ ዓመታት የጂምፕ ትልቁ ጉድለቱ ግን ይኸው የምንነጋገርበት ጉዳይ ነበር፤ ፊልተሩ አንዴ ካረፈ አረፈ ነው። ይህ የተለወጠው መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. በወጣው 3.0 በተባለው እትም ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው 2.10 ከወጣ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ለእኛ አካባቢ ጂምፕን የሚያስመርጠው ሌላም ምክንያት አለ። አንዴ ኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ምን ያህል እንደማያስተማምኑ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ወጣቶች ከማንም በላይ ያውቃሉ።

አሠራሩን እንመልከት። ፎቶዋ ስካን ተደርጋ በጂምፕ ተከፍታለች። ብርሃኗን ለማስተካከል «ከለርስ» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ «ከርቭስ» የሚለው ይመረጣል፤ የሚወጣውን መስመር ከመሐል ትንሽ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ጨለማውን ፊት ሲያበራ ነጩን ጥምጣም ብዙም አይነካውም። ከዚህ በላይ እንዳየነው ለሁሉም እኩል 60 ከመጨመር ይህ የተሻለ ነው። እሺ ከማለታችሁ በፊት ግን ከመስኮቱ ግርጌ ያለችውን «መርጅ ፊልተር» የምትል ትንሽ ሣጥን ልብ በሉ። ምልክት ካለባት ማስተካከያው እንደ ድሮው ከምስሉ ጋር ይዋሐዳል፤ ባዶ ትሁን። ከዚያ በኋላ በሌየሮች ዝርዝር ውስጥ ከፎቶዋ ስም አጠገብ «ኤፍ ኤክስ» የሚል ምልክት ይታያል። እርሱን ስትጫኑ የደረባችኋቸው ማስተካከያዎች በየተራቸው ተሰልፈው ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ የዓይን ምልክት አለ፤ ዓይኑን ስታጠፉት ማስተካከያው ይነሳል፤ ስታበሩት ይመለሳል። ገብቶ መጠኑን መለወጥ፣ አንዱን ከሌላው በላይ ወይም በታች ማዛወር፣ ጨርሶም መሰረዝ ይቻላል። የተራቸው ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የፎቶዋን ቅንጣት ከማለስለሳችሁ በፊት ካሳላችኋት ጉድፉንም አብራችሁ ትስሉታላችሁ።

በፎቶሾፕ የሚሠራ ሰው ተመሳሳዩን የሚያገኘው ፎቶውን በቅድሚያ «ስማርት ኦብጀክት» ወደሚባለው ዓይነት ቀይሮ ፊልተሩን ከዚያ በኋላ ሲያሳርፍ ነው። ብርሃንና ቀለምን ደግሞ «አጀስትመንት ሌየር» በሚባለው ይሠራል።

ፊልተር ሁሉን አያደርግም። ቅዳጅ፣ እጥፋትና የሻጋታ ነጥብ የሚወገደው ከአጠገቡ ካለው ደህና ቦታ እየቀዱ በመለጠፍ ነው፤ መሣሪያውም «ክሎን» ይባላል። ይህ መሣሪያ እንደ ቀለም ብሩሽ ስለሆነ በቀጥታ በፎቶዋ ላይ ከተሠራበት ዋናውን ይሸፍነዋል። መፍትሔው ከፎቶዋ በላይ አንድ ምንም የሌለበት ባዶ ሌየር መክፈት፣ ከመሣሪያው ምርጫዎች ውስጥ «ሳምፕል መርጅድ» የሚለውን ማብራትና ጥገናውን በባዶው ሌየር ላይ መሥራት ነው። ነጠላ ላይ ሌላ ስስ ጨርቅ አኑሮ እንደመጣፍ ማለት ነው። ጥገናው ከብርሃን ማስተካከያው በፊት ይሠራ። ብርሃኑን መጀመሪያ አስተካክላችሁ ከዚያ ብትጠግኑ፣ ነገ ብርሃኑን ስትለውጡ ጥገናው በሌላ ቀለም ብቻውን ጎልቶ ይቀራል። ሁለቱን ሌየሮች በአንድ ቡድን አድርጎ የብርሃን ማስተካከያውን በቡድኑ ላይ መደረብ ከዚህ ችግር ያድናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት ያለው እዚህ ነውና።

ስካን በተደረገች አሮጌ ፎቶ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ከግንባር መሐል ላይ ነው። የሻጋታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ከሱጁድ ብዛት የመጣ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት ሰውዬውን በሕይወት አላያቸውም፤ ያመጣውም ልጅ አባቱ ሲሞቱ ገና ጨቅላ ነበር። ሁለቱ ተያይተው «ቆሻሻ ነው» ይሉና ይጠፋል። የአያት ጥርስ መሐል ያለው ክፍተት፣ የእናት አንገት ላይ ያለው ንቅሳት፣ በቅንድብ ላይ ያለ የልጅነት ጠባሳ፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። የሚያውቁት ሰዎች አሉ፤ ግን እነርሱ በገጠር ናቸው፤ ወንበርማ ወይም ሰከላ፤ ፎቶ ቤትም አይመጡም። የሚመጡት ለዒድ ወይም ለሰደቃ ነው፤ ያን ጊዜ ፎቶው ተሰቅሏል።

ጥገናው በተለየ ሌየር ላይ ከተሠራ ግን አክስት «የወንድሜ ግንባር ላይ ምልክት ነበረ፤ የት አደረጋችሁት?» ባሉ ጊዜ የሚመለሰው በአንዲት ሌየር ላይ ያንን ስፍራ ብቻ በመፋቅ ነው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በምስሉ ላይ በቀጥታ ተሠርቶ ከሆነና ትንሿ ወረቀትም በዝውውር ጠፍታ ከሆነ፣ ያ ግንባር እንደገና አይታይም። እኛ ይህ ስልት ከውበት ይልቅ ከአማና ጋር የተያያዘ ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። የፎቶው ባለቤት ያመጣው ልጅ ብቻ አይደለም፤ እኅቶቹ፣ የአባቱ እኅቶችና ገና ያልተወለዱ የልጅ ልጆችም ጭምር ናቸው።

ፊትን ማንጣትን በተመለከተ አስተያየታችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን። አንዳንድ ፎቶ ቤቶች ሳይጠየቁ ያደርጉታል፤ ደንበኛው ይወደዋል ብለው ነው። አንድ ሰው የኖረበትን የቆዳ ቀለም ከሞተ በኋላ መለወጥ ለእርሱ ክብር አይጨምርለትም። ለፓስፖርትና ለመታወቂያ የሚቀርብ ፎቶማ የፊቱ መልክ ፈጽሞ መለወጥ የለበትም።

አሁን ደግሞ ከዚህ የባሰ መጥቷል። ስልክ ላይ የሚጫኑ አንዳንድ ፕሮግራሞች የደበዘዘን ፎቶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰከንዶች ውስጥ ጥርት አድርገው ያወጣሉ። ውጤቱ ያስደንቃል፤ የዓይን ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል። ጥያቄው ግን ሽፋሽፍቱ ከየት መጣ የሚል ነው። በ3 በ4 ፎቶ ላይ አልነበረም። ፕሮግራሙ ብዙ ሌሎች ፊቶችን አይቶ የተማረ ስለሆነ፣ በደበዘዘው ቦታ ላይ ሊኖር ይችላል ብሎ የገመተውን ሥሎ ያስገባል። ዓይኑ የአባታችን አይደለም፤ የብዙ የማናውቃቸው ሰዎች ዓይን አማካይ ነው። እንዲህ ያለውን ውጤት የሚፈልግ ቤተሰብ ቢያንስ እንደ አንድ ተነሺ ሌየር ከላይ ያኑረው፤ ስሙንም «በኮምፒዩተር የተገመተ» ብሎ ይጻፍበት፤ ዋናውንም ከሥሩ አይንካው።

በፎቶ ላይ የሚጨመር ነገር ጣጣው በቤተሰብ ብቻ እንደማይቆም የአገራችን ታሪክ ምስክር ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ እስልምናን ተቀብለዋል የሚል ነበር። ጥምጣም አድርገው የሚታዩበት ፎቶግራፍም ለክሱ ማስረጃ ተብሎ መሠራጨቱን ታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ፎቶግራፉ የተቀነባበረ ነው የሚለው ክርክር ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላም አለ። ክርክሩን ለመቁረጥ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ያልተነካው ምስል ነው፤ እርሱ በእጅ ካልተገኘ ደግሞ ሁሉም የመሰለውን ይላል።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ በተለይ እኅቶቻችን እንዲያነቡት እንፈልጋለን። በልጅነቷ ያለ ሒጃብ የተነሳችውን ፎቶ በቤት ግድግዳ ላይ ለመስቀል ሒጃብ እንዲደረብበት የምትፈልግ እናት ልትኖር ትችላለች። ወይም ከቡድን ፎቶ ላይ አንዲት እኅት እንድትሸፈን ይፈለግ ይሆናል። ዋናውን በማይነካው ስልት መሸፈኛው ከላይ ይደረባል፤ ከሥር ያለው ግን እንዳለ ነው። ለማስቀመጥ የጠቀመን ነገር ለመደበቅ አይጠቅምም። ሌየሮቹ ያሉበትን ፋይል ለሌላ ሰው ከሰጣችሁት፣ ያ ሰው የዓይን ምልክቷን አንድ ጊዜ ተጭኖ መሸፈኛውን ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ ከቤት የሚወጣው ቅጂ ሁልጊዜ የተዋሐደ ጄፔግ ይሁን፤ ሌየር ያለበት ፋይል ከባለቤቱ እጅ አይውጣ። መሸፈኛውም ብዥታ ብቻ ሳይሆን የማያሳይ ድፍን ይሁን። ይህ ተራ ጥርጣሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ በተገኘ ጉድለት ምክንያት፣ ተቆርጦ ወጥቷል የተባለው የስክሪን ምስል ክፍል በፋይሉ ውስጥ ቀርቶ መልሶ ሊወጣ እንደሚችል ታውቆ ነበር።

ወደ አቀማመጡ እንምጣ። በጂምፕ «ሴቭ» ስትሉ የሚቀመጠው ኤክስ ሲ ኤፍ የሚባል ፋይል ነው፤ ሌየሮቹም፣ ማስተካከያዎቹም፣ ዋናውም በእርሱ ውስጥ አሉ። በፎቶሾፕ ደግሞ ፒ ኤስ ዲ ይባላል። ለማተሚያና ለስልክ የሚሆነው ጄፔግ «ኤክስፖርት» ተብሎ ለብቻው ይወጣል። ጄፔግ ሁሉን አዋሕዶ ጨምቆ የሚይዝ ስለሆነ ከፍቶ አስተካክሎ ባስቀመጡት ቁጥር ከጥራቱ ይቀንሳል። በጄፔግ ላይ ለማስተካከል የሚነሳ ሰው ከፎቶው ቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ እንደሚያነሳ ቁጠሩት። መብራት ድንገት ሊሄድ ስለሚችል በየጥቂት ደቂቃው «ሴቭ» ማለትን ልማድ አድርጉት። ማስተካከያ በተደራረበ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ሁሉንም እየደጋገመ ስለሚያሰላ አቅመ ደካማ ኮምፒዩተር ይዘገያል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስካን ሲደረግ ለ3 በ4 ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ አይበቃም። በ1200 ነጥብ ይሁን። ይህ 1417 በ1890 ፒክስል ገደማ ይሰጣል፤ በጥሩ ጥራት 12 በ16 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሊታተም ይችላል። በቲፍ ዓይነት ቢቀመጥ 8 ሜጋባይት ያህል ነው፤ አንድ ፍላሽ ብዙ መቶ ይይዛል። ግድግዳ የሚያክል ይሁንልን የሚሉ አሉ፤ ትንሿ ወረቀት ያልያዘችውን ግን ስካነር አያወጣውም። ጥቁርና ነጭም ቢሆን በባለ ቀለም ስካን ይደረግ፤ የበለዘውን ቡናማ ከፊቱ ግራጫ ለመለየት ቀለሙ ይረዳል።

ኮምፒዩተር የሌለው ሰው በስልክም ይሞክር። ጉግል በነፃ የሚያቀርበው ስናፕሲድ የሠራችኋቸውን እርምጃዎች በተራ ይዞ ስለሚቆይ ወደ አንዱ ተመልሶ ማስተካከል ወይም መሰረዝ ይቻላል። ሲጨርሱ ግን በዋናው ላይ ከማሳረፍ ለብቻው ቅጂ አድርጎ ማውጣት ይሻላል። ለዘመድ ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ይቀነሳል።

ከፎቶ ቤት ጋር የምትነጋገሩ ከሆነ ገና ፎቶዋን ስትሰጡ ሦስት ነገር እንደምትወስዱ ተስማሙ፤ ያልተነካው ስካን፣ ሌየሮቹ ያሉበት ፋይልና የታተመው። አብዛኞቹ ፎቶ ቤቶች ፋይሉን የማይሰጡት የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው እንጂ ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ለፍላሹና ለተጨማሪ ጊዜው የሚገባውን ክፈሏቸው። ትንሿን ወረቀትም እዚያው ቆጥራችሁ ተረከቡ።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚል፣ ከየቤተሰቡ አልበም በተሰበሰቡ የድሮ ፎቶግራፎች የተዘጋጀ መጽሐፍ ታትሞ ብዙዎችን አስደስቷል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ነጋዴዎች፣ ሸማኔዎችና የቁርኣን መምህራን ፎቶ ግን ገና በየሣጥኑ ነው። ኮምፒዩተር የሚችሉ የአካባቢው ወጣቶች በሚቀጥለው ዕረፍታቸው አንድ ስካነር ይዘው ከየዘመዱ ቤት ቢዞሩ መልካም ነው። ፎቶዋን ስካን ካደረጋችሁ በኋላም ገልብጣችሁ ጀርባዋን ስካን አድርጉ። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀኑ፣ አንዳንድ ጊዜም ባለቤቱ በእስክርቢቶ የጻፉት ስማቸው እዚያ አለ።